ስለ መቅዘፊያ አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በስፖርት ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ብዙ መልካም ነገር ሰምተናል። አሁን ተራው የእኛ ሲሆን ይዘን የቀረብነው ርእስ ከሁሉም ያነሰ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ስለ መቅዘፊያ ነው። ከመካከላችሁ «የአምቦ ልጅ ከመቅዘፊያ ጋር ምን አገናኘው? ባሕር የለን፤ ወደብ የለን» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ጥቂት ደቂቃ ብትታገሡን፣ ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ እንዳልሆነ፣ ደግሞም የልጆቻችሁን ትከሻና የልጆቻችሁን ሕይወት የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው ከከተማችን ተነሥተን ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስንጓዝ ወንጪን እናገኛለን። ወንጪ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,380 ሜትር ይደርሳል፤ ሐይቁ ደግሞ ወደ 2,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በተራሮቹ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል። በሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም ይገኛል። በእኛው በምዕራብ ሸዋ፣ ከግንጪ በስተደቡብ ደግሞ የደንዲ ሐይቅ አለ፤ ሁለት ክብ ውኃዎች ተያይዘው ከላይ ሲታዩ የ8 ቁጥርን ቅርጽ የሚመስሉት ነው። እንግዲህ ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን ማለት ነው።

ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በገበታ ለአገር ዕቅድ ውስጥ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጦ መልማት ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆነ። እንግዳ ሲበዛ ውኃ ላይ የሚወጣው ሰው ይበዛል፤ እንግዳውን አሻግሮ እንጀራውን የሚበላው ወጣትም ይበዛል። ከእነዚህም ወጣቶች ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ወይም ትምህርታቸውን የጨረሱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው።

የእኛም ክበብ በዚህ ዓመት አንድ ሐሳብ አቅዷል። በተንሳፋፊ ጣውላ ላይ ቆሞ መቅዘፍን ለመማር ስድስት ጣውላና ስድስት መቅዘፊያ ለማግኘት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረናል። ስለ ጣውላው ሁላችንም ተስማማን። ስለ መቅዘፊያው ግን ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንደኛው ወገን «መቅዘፊያ እንጨት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ልክ፣ በርካሽ እንግዛና የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ እናውለው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መቅዘፊያ ለቀዛፊው ካልተለካ ገንዘቡ ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ይቈጠራል» አለ። ይህ ንግግር የሁለተኛው ሐሳብ ጠበቃ ነው። ክርክሩን አድምጣችሁ እንድትፈርዱ በትሕትና እንለምናለን።

መጀመሪያ መቅዘፊያ ስንል የትኛውን እንደ ሆነ እንለይ፤ በአማርኛ አንዱ ቃል ብዙ ዓይነት ዕቃ ይጠራልና። በትልቅ ጀልባ ላይ ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተያይዞ የሚሠራ መቅዘፊያ አለ፤ ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ፣ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ይስባል። በሁለቱም ጫፉ ሰፊ የሆነ፣ ተቀምጠው በግራና በቀኝ እያፈራረቁ የሚቀዝፉበትም አለ። በጣና ሐይቅ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ የሚነዱ ሰዎች ረጅም ዘንግ ይዘው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ውኃውን ይገፋሉ፤ በዚህ ሥራ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። በፔሩ ባሕር ዳርቻ ያሉ ዓሣ አጥማጆችም ቶቶራ ከሚባል ደንገል መሳይ ተክል በሠሯት ታንኳ ላይ ሆነው፣ ለሁለት በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይቀዝፋሉ። ሰው በየአገሩ ያገኘውን እንጨት ለውኃው እንዲስማማ አድርጎ አበጅቷል ማለት ነው።

እኛ የምንናገርለት ግን ቆመው የሚቀዝፉበት ነው። ይህ ጨዋታ ዛሬ ባለው መልኩ የታወቀው በሃዋይ ደሴቶች ነው። በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ በማዕበል ላይ መንሸራተትን የሚያስተምሩ ሰዎች ተማሪዎቻቸውን ከፍ ብለው ለማየት ሲሉ በጣውላቸው ላይ ቆመው በረጅም መቅዘፊያ ይሄዱ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ጨዋታው ማዕበል ወደሌለባቸው ወንዞችና ሐይቆች ተሻገረ፤ ወደ ብዙ አገሮችም ተሠራጨ። ለዚህ የሚሆነው መቅዘፊያ ሦስት ክፍል አለው። ከላይ የእጅ መዳፍ የሚያርፍበት እጀታ አለ፤ ከመካከል ረጅሙ ዘንግ አለ፤ ከታች ውኃውን የሚገፋው ሰፊ ጫፍ አለ። ይህን ሰፊ ጫፍ በዚህ ንግግር «መዳፍ» ብለን እንጠራዋለን፤ ሥራው እንደ ሰው መዳፍ ነውና።

ሰው ዕቃ ሲገዛ ዐይኑ የሚያርፈው በትልቁ ላይ ነው። ጣውላው ትልቅ ነው፤ ቀለሙም ያምራል፤ ስለዚህ ሁሉም ስለ ጣውላው ይጠይቃል። ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከትል የሚያስታውስ አንድ ታሪክ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ እናንሣው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ለማሳየት ደንገል ከጣና ሐይቅ አስመጥቶ፣ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ከሳፊ ወደብ ተነሣች። ብዙ ሰው ይጠራጠር የነበረው ደንገሉን ነበር፤ ጉዞው ገና እንደ ተጀመረ የተሰበሩት ግን ጀልባዋ የምትመራባቸው ትልልቅ የእንጨት መቅዘፊያዎች ነበሩ። ራ ያሰበችው ዳርቻ ሳትደርስ ቀረች፤ በዓመቱ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. የተነሣችው ሁለተኛዪቱ ራ ግን ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ይህ ነው፤ ሁሉም ስለ ጀልባው ሲከራከር፣ በሰውና በውኃ መካከል ያለው መቅዘፊያ ተረስቶ እንዳይቀር መጠንቀቅ ይገባል።

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ።

አንደኛ፣ ስለ ርዝመቱ። ለረጋ ውኃ የሚስማማው ልክ የቀዛፊው ቁመት ሲደመር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ሜትር መያዝ እንኳ አያስፈልግም። አባቶቻችን በክንድና በስንዝር ይለኩ ነበር፤ ይህም ልክ በስንዝር ይገኛል። መቅዘፊያውን ከፊታችሁ አቁማችሁ፣ አውራ ጣታችሁን ከአናታችሁ ትክክል አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትሰነዝሩ ትንሿ ጣታችሁ እጀታው ጫፍ ላይ ከደረሰች መቅዘፊያው የእናንተ ነው። ቁመቷ 148 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ተማሪ 168፣ ቁመቱ 162 ለሆነ 182፣ ቁመቱ 180 ለሆነ ደግሞ 200 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአጭሯ እስከ ረጅሙ ተማሪ የ32 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው። በአንድ ልክ የተገዛ መቅዘፊያ ይህን እንዴት ሊያስታርቅ ይችላል?

መቅዘፊያው ሲረዝም የላይኛው እጅ በየጊዜው ከራስ በላይ ይሰቀላል፤ ትከሻም ቶሎ ይደክማል፤ ሲውል ሲያድርም ይታመማል። ሲያጥር ደግሞ ቀዛፊው መዳፉን ውኃ ውስጥ ለማስገባት ይጎነበሳል፤ ወገቡ ይታመማል፤ ከሁሉም በላይ ሚዛኑን ይስታል። ቆሞ ለሚቀዝፍ ሰው ሚዛን መሳት ማለት መውደቅ ማለት ነው። ገበሬ ሞፈሩን ለበሬውና ለእርሻው የሚያስማማው በከንቱ አይደለም፤ ሳይስማማ ቢያርስ በሬውም ይጎዳል፣ እርሱም ይደክማል። የመቅዘፊያም ነገር እንደዚሁ ነው።

ከዚህ ልክ ጥቂት የሚያስለውጡ ምክንያቶችም አሉ። በማዕበል ላይ የሚጫወት ሰው ጉልበቱን ስለሚያጥፍ አጠር ያለ ይይዛል፤ ለውድድር የሚቀዝፍ ደግሞ ወደ ፊት ርቆ ለመድረስ ረዘም ያለውን ይመርጣል። አየር ተነፍቶ የሚዘጋጀው ጣውላ ብዙ ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከድርቁ ጣውላ ይልቅ ቀዛፊውን ከውኃው ከፍ ስለሚያደርገው ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢጨመር መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መዳፉ ስፋት። ብዙ ሰው «ሰፊ መዳፍ ብዙ ውኃ ይገፋል፤ ስለዚህ ያፈጥናል» ይላል። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ሰፊ መዳፍ በአንድ ቀዘፋ ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ያን ውኃ የሚገፋው ግን መዳፉ ሳይሆን የቀዛፊው ጡንቻ ነው። ማንኪያ ለሕፃን፣ ጭልፋ ለወጥ እንደሚሆነው፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ነው። በገበያ ላይ የሚገኙት መዳፎች ስፋታቸው በአብዛኛው ከ500 እስከ 650 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ ከ70 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሰው ወደ 500 የሚጠጋው፣ ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነው ደግሞ ወደ 650 የሚጠጋው ይስማማዋል፤ በመካከል ያለው በመካከል ይመርጣል። ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቹ ከ70 ኪሎ ግራም በታች ስለ ሆንን፣ ትንሹ መዳፍ ለእኛ ነውር ሳይሆን ክብር ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ተፈጥሮ አንድ ነገር ይጨምራል። ወንጪ ከፍ ያለ ስፍራ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈውን ምክር ሁሉ እንዳለ መቀበል አያዋጣንም። በደጋ ሐይቅ ላይ ትንሽ መዳፍ ይዞ ቶሎ ቶሎ በቀላሉ መቅዘፍ፣ ሰፊ መዳፍ ይዞ እያቃሰቱ ከመግፋት ይሻላል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ መዳፉ አቀማመጥ። የቆሞ መቅዘፊያ መዳፍ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ብሎ አልተያያዘም፤ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ጀማሪ ሰው ሲያየው የጭልፋ ጎድጓዳ ይመስለውና ውኃውን እንዲዝቅለት ወደ ራሱ አዙሮ ይይዘዋል። ትክክለኛው ግን ተቃራኒው ነው፤ ዘንበል ያለው ወገን ወደ ፊት፣ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ጭልፋ ውኃን ወደ ላይ ያነሣል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ውኃን ወደ ኋላ መግፋት ነው። ኒውተን እንዳስተማረው ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለ፤ ውኃውን ወደ ኋላ ስንገፋው እርሱ ወደ ፊት ይገፋናል። መዳፉ ወደ ፊት ዘንበል ካለ፣ ቀዛፊው እየሳበ ወደ እግሩ ሲያደርሰው መዳፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ውኃውን በትክክል ወደ ኋላ ይገፋል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን ውኃውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጉልበታችንም ውኃ በማንሣት ያልቃል። የፊዚክስ መምህራኖቻችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢስሉልን ደስ ይለናል።

አራተኛ፣ ስለ ክብደቱና ስለ ተሠራበት ነገር። በሱቅ ውስጥ አንድ መቅዘፊያ አንሥተን ሌላውን ስናነሣ ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን እናስላው። የአንዱ ክብደት 1 ኪሎ ግራም፣ የሌላው 600 ግራም ቢሆን ልዩነቱ 400 ግራም ነው። በደቂቃ 30 ጊዜ የሚቀዝፍ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መቅዘፊያውን 1,800 ጊዜ ያነሣል። 400 ግራም በ1,800 ሲባዛ 720 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ማለት ከባዱን የመረጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰባት ኩንታል በላይ በከንቱ አነሣ ማለት ነው። ከእህል ገበያ የመጣችሁ ወላጆቻችን ሰባት ኩንታል ምን ያህል እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የቀለለው ካርቦን ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉ የበለጠ ነው፤ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭም ሊሰነጠቅ ይችላል። ፋይበርግላስ በመካከል ያለ ነው፤ ከካርቦን ትንሽ ይከብዳል፣ በዋጋ ግን ይቀላል። አሉሚኒየም ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ይከብዳል፤ በወንጪ ብርድ ማለዳ ደግሞ እጅን ያቀዘቅዛል። በዘንጉ ውስጥ ውኃ ከገባም ይሰጥማል። ስለዚህ አሉሚኒየም የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በበርሜል ውኃ ላይ ጥሎ መንሳፈፉን ማየት ይገባዋል። የፕላስቲክ መዳፍ ቢተጣጠፍም ዳር ዳሩን ድንጋይ ላይ ለሚያጋጭ ጀማሪ ይታገሣል።

እንጨትስ? እንጨትን የሚንቅ ሰው አለ፤ እኛ ግን አንንቀውም። ከእንጨት የተሠራ ጥሩ መቅዘፊያ ይንሳፈፋል፣ እጅ አያቀዘቅዝም፣ ሲሰበርም ይጠገናል። ጥበቡ እንጨቱን በመምረጥ ላይ ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ስለ ሆነ ለዱላ እንጂ ለመቅዘፊያ አይመችም። ዋንዛ ቀለል ያለና ለመጥረብ የሚመች ነው። የከተማችን አናጢዎች ልኩ በወረቀት ላይ ተሥሎ ቢሰጣቸው፣ ዘንጉን ከአንድ ግንድ ከመቁረጥ ይልቅ ቀጫጭን ጣውላ በማጣበቂያ ደራርበው ቢሠሩትና ውኃ እንዳይገባው ቨርኒሽ ቢቀቡት፣ በባሕር ማዶ ዕቃ የማይታፈርበት መቅዘፊያ ሊወጣ ይችላል። ይህም ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ማዳኛ፣ ለአናጢዎቹም አዲስ እንጀራ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ስለ አያያዙ። የተመረጠ መቅዘፊያ በትክክል ካልተያዘ ምርጫው ፍሬ የለውም። አንዱ እጅ እጀታውን ከላይ ይይዛል፤ ሁለተኛው ዘንጉን ይይዛል። በሁለቱ እጆች መካከል የሚኖረውን ርቀት ለማወቅ መቅዘፊያውን አግድም አድርጎ አናት ላይ ማሳረፍ ነው፤ ክርኖቹ እንደ ማዕዘን ቀጥ ብለው ከታጠፉ እጆቹ በቦታቸው ናቸው። ከዚያም መዳፉን ከፊት አርቆ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ መሳብ፣ ከዚያ ማውጣት ነው። ከእግር አልፎ ወደ ኋላ መሳብ ጣውላውን ያዞራል እንጂ አያስኬድም። ጉልበቱም ከክንድ ብቻ ሳይሆን ከወገብና ከጀርባ ይምጣ፤ ክንድ ቶሎ ይደክማል፤ ጀርባ ግን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በገንዘባችን ልክ ምን እንግዛ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እኛ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ስድስት የካርቦን መቅዘፊያ መግዛት ለትምህርት ቤት አይገባም፤ ቅንጦት ነው። ስድስት በአንድ ልክ የተሠራ ርካሽ መቅዘፊያም መግዛት አይገባም፤ ኪሳራ ነው። የሚገባው ዘንጉ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ከ170 እስከ 210 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ በመካከለኛ ዋጋ የሚገኝ መቅዘፊያ ነው። አንዱ መቅዘፊያ ጠዋት ለረጅሙ፣ ከሰዓት በፊት ለአጭሯ ያገለግላል። ከስድስቱ አራቱ ጠባብ መዳፍ ያላቸው፣ ሁለቱ ሰፋ ያሉ ቢሆኑ ለተማሪውም ለመምህሩም ይበቃል። ከ170 በታች ለሚያስፈልጋቸው ታናናሾቻችን ደግሞ ከዋንዛ እንዲሠራ እንጠይቃለን።

ይህ ዓይነቱ መቅዘፊያ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርዝመቱን የሚያጠብቀው መቆንጠጫ ከላላ ዘንጉ በቀዘፋ መካከል ያጥራል ወይም ይዞራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከውኃ በፊት በመሬት ላይ ተጭኖና ተጠምዝዞ መፈተን አለበት፤ ከውኃ በኋላም አሸዋውና ጭቃው መታጠብ አለበት። ንፋስ ሲነሣ ደግሞ ቀዛፊው መንበርከክ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ዘንጉን አሳጥሮ መቅዘፍ መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው።

አሁን ቃላችንን ወደ እናንተ ወደ ወላጆቻችን እናዞራለን። «ልጄን ውኃ ይወስድብኛል» ብላችሁ እንደምትፈሩ እናውቃለን። ፍርሃታችሁ የፍቅር ፍርሃት ነው፤ ከንቱም አይደለም። የወንጪ ውኃ ጥልቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃል። ሰውን በውኃ መካከል አደጋ ላይ የሚጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድካም ነው። ሄዶ መመለስ ያቃተው ሰው፣ ንፋስ ወደማይፈልገው ዳርቻ ሲገፋው የሚቋቋምበት ጉልበት ያጣ ሰው፣ እርሱ ነው የሚያስፈራው። እንግዲህ መቅዘፊያን በልክ መምረጥ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ለመመለሻ የሚሆን ጉልበት ማስቀመጥ ነው። በአንድ ልክ የተገዛው ርካሽ መቅዘፊያ የሚያስከፍለው ዋጋ በሱቅ ሳይሆን በሐይቁ መካከል ነው።

ስለዚህ እኛ ራሳችን ሕግ አውጥተናል። ዋና የማይችል ተማሪ ወደ ሐይቁ አይወጣም፤ አምቦ ከዱሮ ጀምሮ በማዕድን መዋኛዋ የታወቀች ከተማ ስለ ሆነች፣ ዋና ሳይችሉ መቅረት ለአምቦ ልጅ አይገባውም። የዋና ጃኬት ያልለበሰ አይቀዝፍም። ጣውላውን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድ አይፈታም፤ ሰው ቢወድቅ ጣውላው የሚያንሳፍፈው ነውና። ቀዘፋው በማለዳ፣ ንፋሱ ሳይነሣ ይሆናል። መምህር ወይም የሐይቁን ጠባይ የሚያውቅ የአካባቢው ቀዛፊ ሳይኖር ማንም ከዳርቻ አይርቅም። እነዚያ ቀዛፊዎች ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያውቃሉ፤ እኛም እንደ ታላቅ ወንድም ሰምተን እንታዘዛቸዋለን። ወደ ገዳሙ ደሴት ስንቀርብም በጸጥታና በአክብሮት እንሆናለን።

ውድ የትምህርት ጓደኞቻችን፤ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። መቅዘፊያ የሚመረጠው በጓደኛ መቅዘፊያ፣ በቀለሙ ማማር ወይም በዋጋው መርከስ አይደለም። ርዝመቱን ቁመታችሁ ይወስናል፤ መዳፉን ክብደታችሁና አቅማችሁ ይወስናል፤ የቀረውን ውኃው ይወስናል። ራሱን ያልለካ ሰው መቅዘፊያ ሊለካ አይችልም። ይህም ለመቅዘፊያ ብቻ ሳይሆን ነገ ለምንመርጠው ሙያ ሁሉ ይሠራል ብንል ከርእሳችን የወጣን አይመስለንም። የሌላው ሰው ልክ ለእኛ ሲረዝም ትከሻችንን፣ ሲያጥር ወገባችንን ይጎዳል።

የአገራችን ሰው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል። እኛም ድስቱ ሳይጣድ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለዚህ ነው። ወላጆቻችን በገንዘብና በምክር፣ መምህራኖቻችን በዕውቀት፣ አናጢዎቻችን በእጃቸው ጥበብ ብትረዱን፣ በሚመጣው ዓመት በዓል ስንሰበሰብ ስለ መቅዘፊያ በመናገር ፈንታ በወንጪ ውኃ ላይ ቀዝፈን እናሳያችኋለን።